«ስላሹን እንዳትረሱ»



የጀምዓችን ሚዲያ ክፍል አንድ ሀርድ ዲስክ አለው። ከእኛ በፊት የነበሩ ባቾች ለዓመታት የቀዱት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ የረመዳን ሙሐደራዎች፣ የተጅዊድ ትምህርቶች፣ የተመራቂ ሽኝት ፎቶዎች። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከካምፓሱ በር ውጭ ባለው መስጂድ አቡ ሹጃዕን ከጦሃራ ጀምረው እስከ መጨረሻው ያቀሩ የአንድ ሸይኽ ድምፅ ነው። ሸይኹ ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። የዚያ ደርስ ቅጂ ከዲስኩ በቀር የትም አልነበረም።

ከዲስኩ ጋር አንድ ወረቀትም ወርሰናል። በእጅ የተጻፈ የአንድ መስመር የኮምፒውተር ትዕዛዝ አለበት፤ ከሥሩ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፦ «ሐሙስ ሐሙስ ይህን አሂዱ። ስላሹን እንዳትረሱ።» በቃ። የጻፈው ወንድም ተመርቆ ሄዷል፤ በወረቀቱ ጀርባ ያለው ስልክ ቁጥርም አይሠራም። ለእርሱ ያቺ መስመር በቂ ነበረች። ሥራውን በየሳምንቱ ሲሠራው ስለኖረ ወረቀቱ ያስታውሰዋል እንጂ አያስተምረውም።

ኮምፒውተር ለማትማሩ አንባቢያን ነገሩን በአጭሩ እናስረዳ። ኮማንድ ላይን የምንለው በፊልም ላይ የምታዩት ያ ጥቁር መስኮት ነው። የሚነካ ምስል የለውም፤ ትዕዛዙን ጽፎ ኢንተር መምታት ነው። ኮምፒውተሩ የተባለውን ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜም «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። (እዚህ የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፈናል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚገቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።)

ዘንድሮ ሥራውን የተረከበችው የሁለተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ እህታችን ናት። ወረቀቱን አነበበችና እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «የቱ ስላሽ ነው? የመነሻው ነው የመድረሻው? ብረሳውስ ምን ይሆናል? የማይገባው ቦታ ባደርገውስ?» አለች። ወረቀቱ የታጠፈበት መስመር በመነሻው ፎልደር ስም መጨረሻ ላይ ያልፋል፤ እዚያ ስላሽ ይኑር አይኑር አይታይም። ከወረቀቱ ብቻ ተነስቶ ሊመልስላት የሚችል ሰው አልነበረም።

ትዕዛዙ አርሲንክ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ፣ ፎልደርን ከቦታ ወደ ቦታ የሚገለብጥ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የተለወጠውን ብቻ የሚያሻግር ድንቅ መሣሪያ ነው። በወረቀታችን ላይ ሁለት ሰረዝ ዲሊት የሚል ጭማሪ አለበት፤ «መነሻው ላይ የሌለውን ከመድረሻው አጥፋ» ማለት ነው። መነሻው ላፕቶፑ ላይ ያለው «ደርስ» የሚባል ፎልደር፣ መድረሻው ዲስኩ ነው። ከመነሻው ስም መጨረሻ ላይ ስላሽ ከሌለ አርሲንክ ፎልደሩን ከነስሙ ይወስደዋል፤ ዲስኩ ላይ «ደርስ» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ የሚያጠፋው ቢኖር እንኳ በዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። ስላሽ ካለ ግን የሚወስደው ፎልደሩን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ነው። ያን ጊዜ ዲስኩን በሙሉ የ«ደርስ» ግልባጭ ሊያደርገው ይነሳል። «ደርስ» ውስጥ የሌለው ሁሉ ይጠፋል፤ ሙሐደራዎቹ፣ ፎቶዎቹ፣ የሸይኹ ፎልደር። ወደ ቆሻሻ መጣያው ገብቶ የሚመለስም አይደለም።

በዲስኩ ላይ ያለውን አቀማመጥ አይተን የወረቀቱ ስላሽ የመድረሻው መሆኑን አወቅን። እርሱ ደግሞ ቢረሳም ምንም ለውጥ የማያመጣው ነው። «እንዳትረሱ» የተባለውን አክብሮ መነሻው ላይ ስላሽ የሚጨምር ታዛዥ ሰው ግን የሸይኹን ደርስ በደቂቃዎች ያጠፋው ነበር። ድምፁ ዛሬ ያለው አንዲት እህት ሳይገባት ኢንተር አልመታም ስላለች ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

መመሪያው ራሱ ምን ይላል? ሊኑክስ ላይ «ማን» ብላችሁ የትዕዛዙን ስም ብታስከትሉ ማኑዋሉ ይወጣል። ማኑዋል ከሚለው የተቆረጠ ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን ጥያቄ ይመስላል። የአርሲንክ ማኑዋል አልዋሸም። ስለ መነሻው ስላሽ የጻፈው ትክክል ነው፣ ምሳሌም አለው፤ ዲሊት አደገኛ መሆኑን ይናገራል፤ መጀመሪያ በሙከራ አሂዱ ብሎም ይመክራል። ችግሩ ገጹ እጅግ ረጅም መሆኑ ነው፤ ጭማሪ ምልክቶቹ ብቻ ከመቶ ይበልጣሉ። አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ነው። ሁለቱን አገናኝቶ «ታዲያ የጎረቤት ፎልደሮች ምን ይሆናሉ?» ብሎ ማሰላሰል በአመዛኙ ለአንባቢው የተተወ ነው። ይህን የሚያሰላስለው ደግሞ ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ወደ ኋላ ሄድን። የዩኒክስ የመጀመሪያው ማኑዋል የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው፤ ያዘጋጁት አሜሪካ በቤል ላብስ ይሠሩ የነበሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። ስም፣ አጻጻፍ፣ ማብራሪያ እያለ የሚወርደው የገጹ አሠራር ዛሬም ያው ነው። የታወቀ ጉድለት የሚጻፍበት ርዕስ እንኳ ያኔም ነበረው፤ ይህን ከልብ እንወድላቸዋለን፣ የሥራን ነውር በገዛ መመሪያ ላይ ማስፈር ለሰው ይከብዳል። እኛን ያስደነቀን ግን ሌላ ርዕስ ነው። «ባለቤት» ይላል፤ ከሥሩ ቢቸግራችሁ የምትጠይቁት ሰው ስም። ማኑዋሉ ሲጻፍ ባለቤቱ በዚያው ተቋም ውስጥ የሚሠራ ባልደረባ ነበር። ያልገባው ሰው ተነስቶ ይጠይቀዋል። ገጹ አጭር ቢሆን፣ ደረቅ ቢሆን፣ የጎደለውን አፍ ይሞላዋል። ዛሬ ያ ርዕስ የለም። የጸሐፊ ስም የሚገኝባቸው ገጾች አሉ፤ የሚንኳኳ በር ግን የለም። አጻጻፉ ግን ባለቤቱ አጠገብ እንዳለ ሆኖ ቀጠለ።

ኪታብ የቀራ ወንድም ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። አቡ ሹጃዕ መትን ነው። ቃሉ ተቆጥሮ የተጻፈ፣ ደረሳው በቃሉ እንዲይዘው የታሰበ ነው። ማንም መትንን ብቻውን ተሸክሞ ቤቱ ገብቶ ፊቅህ አወቅኩ አይልም። መትኑን ኢብን ቃሲም ይፈታዋል፣ ኢብን ቃሲምን አል-ባጁሪ በሓሺያው ያብራራዋል፤ ከሁሉም በላይ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሸይኽ አለ፤ «ይህ ‹እርሱ› የሚለው ወደየትኛው ነው የሚመለሰው?» ሲባል የሚመልስ። ማን የሚባለው ገጽም መትን ነው። እንደ መትንነቱ አንሰድበውም። ሥራውን አውቆ አንዲት ፊደል ብቻ ለጠፋችበት ሰው ከእርሱ የተሻለ የለም። ግን ሸርህ ሳይኖር፣ ሸይኽ ሳይኖር፣ መትን ብቻ ይዞ የቀረ ደረሳ ምን ያድርግ? «ማኑዋሉን አንብብ» የሚለው የሲኒየሮች መልስ ያናደደን ለዚህ ነው። አንብበናል።

በየካምፓሱ ያለ ጀምዓ ደግሞ ባለቤቱ በየዓመቱ ይሄዳል። ሰኔ ሲመጣ የሚያውቀው ሰው ጋውን ለብሶ ይመረቃል፤ በጥቅምት አዲስ ሰው ይረከባል። በመሀሉ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሸርሁን ልንጽፍ ተቀመጥን። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሆን ብለን የተለመዱት መመሪያዎች እንደሚጻፉት አድርገን ጻፍነው፤ የት እንደሚሰበር ማየት ፈለግን። ከዚያ ጥቁሩን መስኮት ከፍተው የማያውቁ ተማሪዎችን አንድ በአንድ ጋብዘን፣ ወረቀቱን ሰጥተን፣ ከኋላቸው ተቀመጥን። ሕጉ አንድ ነው፦ አፍ መክፈት ክልክል። የቆሙበትን ቦታ እየጻፍን ዝም ማለት ብቻ። (ለአንዳንዶቻችን ከባዱ ሥራ ይህ ነበር።) ዲስኩን አልሰጠናቸውም፤ የውሸት ፋይሎች የተሞላ ፍላሽ ነበር።

የመጀመሪያው የሕግ ተማሪ ገና «ተርሚናል ክፈት» የሚለው ላይ ቆመ። የት ነው ያለው? ሁለተኛው ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለችውን የዶላር ምልክት አብሮ ጻፋት። መመሪያዎች ሁሉ የሚያስቀምጧት ምልክት ናት፤ «ከዚህ በኋላ ያለውን ጻፍ» ማለቷ ነው እንጂ የትዕዛዙ አካል አይደለችም፤ ይህን ግን ገጹ ላይ የነገረው የለም። ሦስተኛዋ እህት በሁለት የማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «የፎልደር ስም» የሚለውን ስታይ ከነቅንፉ ጻፈችው። ለኮምፒውተሩ ያ ቅንፍ የራሱ ትርጉም አለው፤ «ከዚህ ፋይል አንብብ» ማለት ነው፤ ስለዚህ ሌላ ነገር ሊሠራ ሄደ። አራተኛው ሁሉንም በትክክል ጻፈ፣ ኢንተር መታ፣ ኮምፒውተሩ ምንም አላለም። ጠበቀ። አሁንም ምንም የለም። እንደገና መታው። ሥራው በመጀመሪያው አልቆ ነበር፤ አርሲንክ በዝርዝር ተናገር ካልተባለ ሲሳካለት ዝም ይላል። ለለመደ ሰው ዝምታ የምሥራች ነው፤ ለአዲስ ሰው የብልሽት ምልክት ነው። አምስተኛዋ ትዕዛዙን ከወርድ ፋይል ላይ ኮፒ አደረገች፤ ወርድ ደግሞ ለውበት ብሎ ሁለቱን ሰረዞች አንድ ረጅም ሰረዝ አድርጓቸው ነበር። በዓይን ልዩነቱ አይታይም፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም።

ከእነዚህ አምስቱ አንዳቸውም ሰነፍ አልነበሩም። አንዱም የቆመበት ቦታ የኮምፒውተር ሳይንስ ዕውቀት የሚጠይቅ አልነበረም። እያንዳንዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚስተካከል ነው።

ቃላት ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። ኤል-ኤን የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ወደ አንድ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ ይፈጥራል። ሊኑክስ ላይ ያለው የጂኤንዩ መመሪያ ቀድሞ ያለውን፣ የሚጠቆምበትን ፋይል «ታርጌት» ይለዋል። ማክ ላይ ያለው መመሪያ ደግሞ «ታርጌት ፋይል» የሚለው አዲስ የሚፈጠረውን አቋራጭ ነው። አንድ ትዕዛዝ፣ አንድ ቃል፣ ተቃራኒ ትርጉም። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው። ጊት ላይ ሥራ ከመመዝገቡ በፊት የሚያርፍበት ቦታ አንዴ «ኢንዴክስ»፣ አንዴ «ስቴጅ»፣ አንዴ «ካሽ» ይባላል፤ ልዩነቱን ለማየት የሚረዳው ትዕዛዝ ላይ ስቴጅድና ካሽድ የሚሉት ጭማሪዎች ምንም ልዩነት የላቸውም። ጀማሪ ሁለት ነገር ያሉ መስሎት ልዩነታቸውን ሲፈልግ ሌሊቱ ይነጋል። እኛ «መነሻ» እና «መድረሻ» ብለን ከጀመርን እስከ መጨረሻው መነሻና መድረሻ ነው። የቃል ድግግሞሽ እንዳይሰለች ብሎ ስም እየቀያየሩ መጻፍ ለድርሰት ያምራል፤ እዚህ ሰው ያሳስታል።

በቋንቋው ጉዳይ ተከራከርን። አንዱ ወንድም «ትዕዛዙ እንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው አማርኛ ሲሆን ይደበላለቃል፤ ሁሉም እንግሊዝኛ ይሁን» አለ። ሌላው የወሎን ዑለሞች አነሳ። እነ ሸይኽ ጦልሐ ጃዕፈር በዐረብኛ የመጠቁ ሰዎች ሳሉ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ሕዝቡን ያስተማሩት ዐረብኛ አንሷቸው አልነበረም። እኛም ማብራሪያውን በአማርኛ አደረግነው። ግን «ማውጫ»፣ «ቅጥያ» እያልን አላስጨነቅንም፤ ሰው ፎልደር ካለ ፎልደር ነው።

ትልቁን ለውጥ ያመጣችው ግን የፋርማሲዋ እህት ናት። በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚገኘውን ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «እዩ፣ ስንት ፍሬ ይዋጥ ከሚለው በፊት ማን መዋጥ እንደሌለበት ነው የሚመጣው» አለች። የትዕዛዝ መመሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ካዋጡ በኋላ ነው የሚያስጠነቅቁት። ፋይል የሚፈልገውን ፋይንድን ውሰዱ። ሰረዝ ዲሊት የሚለውን ከስሙ መለያ በኋላ ብትጽፉት ስሙ የተገለጸውን ፋይል ብቻ ያጠፋል፤ ከስሙ በፊት ብትጽፉት ግን ገና ሳይለይ ማጥፋት ይጀምራል፣ ያለውን በሙሉ። ትዕዛዙ የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ እንደ አረፍተ ነገር ስለሆነ ነው። የጂኤንዩ ማኑዋል ይህን በግልጽ ያስጠነቅቃል፣ ሊመሰገን ይገባዋል። ግን ማስጠንቀቂያውን የሚያገኘው እስከዚያ ድረስ ያነበበ ነው፤ ትዕዛዙን ግን ከጓደኛው ስልክ ላይ አይቶ የሚጽፈው ይበዛል።

ስለዚህ የእኛ ወረቀት የሚጀምረው ከትዕዛዙ አይደለም። «ይህ ዲስክ ሌላ ቦታ የሌለ ድምፅ ይዟል» ብሎ ነው የሚጀምረው። ቀጥሎ ሁለት አደጋዎችን ይናገራል፦ አንደኛው የመነሻው ስላሽ፤ ሁለተኛው ባዶ መነሻ። ላፕቶፑ ተቀይሮ «ደርስ» ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ ዲሊት የሚለው ትዕዛዝ ዲስኩ ላይ ያለውን «ደርስ»ም እንደዚያው ባዶ ያደርገዋል፤ የታዘዘው ያንን ነውና። ከዚያ የሙከራው መስመር ይመጣል፦ ሰረዝ ኤን እና ሰረዝ ቪ ሲጨመሩ አርሲንክ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ይዘረዝራል። «ዲሊቲንግ» በሚል ቃል የሚጀምር መስመር ካያችሁ ቁሙ፤ የፋይሉን ስም አንብቡ፤ ካላወቃችሁት ሰው ጥሩ። እውነተኛው ትዕዛዝ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚታይም፣ ምንም እንደማይታይም፣ ተጽፏል።

«ለአንድ መስመር ትዕዛዝ ሁለት ገጽ?» ያሉን አሉ። የሚዲያ ክፍል ሥራው ሙሐደራ መቅዳት ነው፣ ወረቀት ማሳመር አይደለም፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ ያሉን ነበሩ። አንድ ወንድም ጥሩ መልስ መለሰላቸው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሟ በሱረቱል በቀራህ 282ኛዋ ናት፤ የምትናገረውም በጊዜ የተወሰነ ዕዳ እንዴት ይጻፍ ስለሚለው ነው። ማን ይጽፋል፣ ማን ያስጽፋል፣ ማን ይመሰክራል፣ የሚያስጽፈው አቅም ቢያንሰውስ። ጸሐፊው አንድ ቀን እንደማይኖር፣ ምስክሩ ሊረሳ እንደሚችል ታስቦ። ያ ዲስክ በእጃችን ያለ አማና ነው፤ ባለ አማና ደግሞ ወዴት እንዳስቀመጠው ጽፎ ያስረክባል። ክርክሩ በዚያው አለቀ ማለት አይደለም፤ ግን ሁለቱ ገጽ ሁለት ገጽ ሆኖ ጸደቀ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከጀምዓው አጥር ወጣ። ነፃ ሶፍትዌር ማገዝ ስንባል ሁላችንም ከባድ ኮድ መጻፍ ይመስለን ነበር። መመሪያ ማስተካከልም እገዛ ነው፤ ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች መመሪያቸውን ከኮዱ ጋር በአንድ ቦታ ስለሚያስቀምጡ ማንም ማሻሻያ መላክ ይችላል። «ቲኤልዲአር» የሚባል ፕሮጀክት አለ፤ ስሙ «ስለረዘመ አላነበብኩትም» ከሚለው የእንግሊዝኛ አባባል የመጣ ነው። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ አጭር ገጽ፣ በገጹ ላይ ቢበዛ ስምንት ምሳሌ፣ ከእያንዳንዱ ምሳሌ በላይ የሚሠራውን የሚናገር አንድ መስመር። ደንባቸው ይህ ነው፤ የሚጽፉትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሸርህ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ለጀማሪ ከመትኑ በፊት የሚቀራ መግቢያ ይሆናል። ከመካከላችን ሁለቱ ደግሞ ለአንድ ትንሽ መሣሪያ መመሪያ አንዲት የምሳሌ መስመር ልከዋል። የመሣሪያው ባለቤት ሁለት ቃል እንዲቀየር ጠየቀ፤ ተቀየረ፤ ገባ። አሁን ያን መመሪያ የሚከፍት ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ ያቺን መስመር ያነባታል። ሰደቀቱል ጃሪያ በምን በምን ይሆናል እያልን ስንጨቃጨቅ ይህን ማንም አላሰበውም ነበር።

የሸይኹ ፎልደር አሁን ሁለተኛ ዲስክ ላይም አለ፤ ዲስኩም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። ዲሊት የሚለውን ጭማሪ ከሳምንታዊው ትዕዛዝ አውጥተነዋል። ማጽዳቱ በሴሚስተር አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይደረጋል። በዚህ ያልተስማሙ አሉ፤ ስሙ የተቀየረ ፋይል ሁሉ ሁለቴ እየተቀመጠ ዲስኩ በቶሎ ይሞላል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በሚቀጥለው ሹራ እንነጋገርበታለን፣ ኢንሻአላህ።

ወረቀቱ በዲስኩ ሳጥን ውስጥም፣ በክፍሉ ግድግዳ ላይም አለ። አይታችሁ ልትተቹ የምትፈልጉ ሐሙስ ከዐስር በኋላ ብቅ በሉ። በተለይ ተርሚናል ከፍቶ የማያውቅ ሰው ካላችሁ ይዛችሁልን ኑ፤ ፍላሹ ተዘጋጅቷል፣ እኛም ዝም እንላለን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።